«ይስተናገዱ» ከተባለ በኋላ፦ የሕዝብ ግንኙነት ልምምድ እንዴት ይጀመራል?

ለልምምድ ከትምህርት ክፍላችሁ ያጻፋችሁት የትብብር ደብዳቤ ጥግ ላይ አንድ ኃላፊ በእስክሪብቶ «ለሕዝብ ግንኙነት፤ ይስተናገዱ» ብሎ ይጽፍበታል። ፊርማውንም ያስከትላል። በቢሮ ቋንቋ ደብዳቤው «ተመራ» ይባላል። ተማሪው ይህን ሲያይ ልምምዱ የተጀመረ ይመስለዋል። ገና ነው።

ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ሰው ኃይል፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል መሄድ አለበት። መንገዱ አንድ ኮሪደር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ ግን አለ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ፋይል ይጫነዋል፣ አንዱ ኃላፊ መስክ ወጥቷል፣ ጸሐፊዋ ፈቃድ ላይ ናት። ስለዚህ ደብዳቤውን ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ መዝገቡን ገልጣ «እከሌ ጋ ነው» ትለዋለች። ቁጥር ለሌለው «ነገ ተመለስ» ነው መልሱ። ይህን የምነግራችሁ ስድስት ቀን «ነገ» የተባልኩ ሰው ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። ከተቻለ መጀመሪያ ራሳችሁ ሂዱ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን ባለሙያ አግኙና ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። እሺ ካሉ በመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍላችሁ አጽፉ። ያኔ ደብዳቤው ሲመራ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ።

ኢንተርንሺፕ በሉት፣ አፓረንት በሉት፣ የተግባር ልምምድ በሉት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ተመሳሳይ ነው። ወንበር ይሰጣችኋል። «ተቀመጡ፣ ሥራ ሲኖር እንጠራችኋለን» ትባላላችሁ። ከዚያ ስልካችሁን እያያችሁ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይከፋዋል፤ የተናቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ንቀት አይደለም። የዓመቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ እናንተ እዚያ ውስጥ አልነበራችሁም። ኮምፒውተሩ በሠራተኛ ልክ የተቆጠረ ነው። የፌስቡክ ፔጁ ፓስዎርድ ደግሞ ለመጣ ሁሉ አይሰጥም፣ መሰጠትም የለበትም።

ወቅቱም አለ። ብዙ ተማሪ የሚወጣው ክረምት ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ማለት ዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት፣ ግምገማና መጽሔት ማለት ነው። ባለሙያው ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ የለውም። ብልጥ ተማሪ ግን እዚህ ጋ ቀዳዳ ያገኛል። የዓመቱ ፎቶዎች ስማቸው የካሜራ ቁጥር ሆኖ በአንድ ፎልደር ውስጥ ተከማችተዋል። ማን ምን ሲያደርግ፣ መቼ፣ የት እንደተነሳ የሚያውቅ ሰው የለም። «እኔ ላስተካክላቸው?» የሚል ተማሪ በሦስት ቀን ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደቆየ ያውቃል። የክፍሉም ሰው ስሙን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ። ክፍል ውስጥ የተማራችሁትና ቢሮ የምታዩት የማይገጥም ሊመስላችሁ ይችላል።

ጀምስ ግሩኒግና ቶድ ሀንት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 የሕዝብ ግንኙነትን በአራት ከፍለው አስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ወሬ ማስነሳት ነው፤ እውነት ሆነም አልሆነ ስም እንዲጠራ ማድረግ። ሁለተኛው መረጃ መስጠት ነው። የሚነገረው እውነት ነው፣ ግን ከተቋሙ ወደ ሕዝቡ ብቻ ይፈስሳል። ሦስተኛው ሕዝቡን ያጠናል፣ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን የራሱን ሐሳብ ይበልጥ ለማሳመን ነው። አራተኛው ከሕዝቡ የሰማውን ይዞ ይመለስና ተቋሙም ራሱ እንዲለወጥ ያደርጋል። ተማሪው እነዚህን ለፈተና ይሸመድዳል። ከዚያ ቢሮ ሲመጣ «ባነሩን ይዘህ ሆቴል ቅደም» ይባላል።

በእኔ ግምት አብዛኛው መሥሪያ ቤታችን የሚኖረው ሁለተኛው ላይ ነው። በበዓልና በምረቃ ሰሞን ወደ መጀመሪያው ጎራ ይላል። ሕጉ ግን ከዚህ የበለጠ ይጠብቅበታል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ ሕዝቡ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ጥያቄውን ተቀብሎ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ኃላፊነት የጣለውም በሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ላይ ነው። የሚዲያውን ክፍል በኋላ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተክቶታል፤ የመረጃ ማግኘት መብቱ ግን አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሰው መረጃ ሲፈልግ በየት በኩል ነው የሚጠይቀው?» መልሱን ስትሰሙ የገባችሁበት ቤት ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ይገባችኋል።

እኔ ለተማሪ የምመክረው ዋና ነገር አንድ ነው። ከልምምዱ ጊዜ ውስጥ አንዲት ዜና ምረጡና ከመወለዷ እስከ መለጠፏ ተከተሏት። አንዲት ብቻ።

ለምሳሌ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ ናችሁ እንበል። ጠዋት ስብሰባ አለ። ማስታወሻ ይዛችኋል። ከስብሰባው መልስ የመጀመሪያውን ረቂቅ ትጽፋላችሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦

«የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ የደንበኞች አገልግሎት አሰጣጥን ለማዘመን የተዘጋጀውን የሁለት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ በይፋ ከፈቱ።»

ስህተት የለበትም። ግን ባልዲ ይዛ ቧንቧ ሥር የተቀመጠች እናት ብታነበው «ታዲያ ለእኔ ምኔ ነው?» ትላለች። ማስታወሻችሁን መልሳችሁ ስታዩ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንድ የሥራ ሂደት መሪ በመሀል የተናገሩት ነገር ታገኛላችሁ። ዜናው እሱ ነው፦

«ከነሐሴ 1 ጀምሮ የተበላሸ የውኃ ቆጣሪ ለማስቀየር ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በስልክ ማመልከት ይቻላል።»

እዚህ ድረስ መምህራችሁም ይነግራችኋል። መምህሩ የማይነግራችሁ የሚቀጥለውን ነው። ሁለተኛውን ጽፋችሁ ለቡድን መሪው ትሰጣላችሁ። ወደ ዳይሬክተሩ ይሄዳል። ተመልሶ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያው መስመር ላይ ተመልሰዋል፤ ቆጣሪው ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ገብቷል። ተማሪው «እነዚህ ሰዎች ሙያውን አያውቁትም» ብሎ ይደመድማል።

ቆዩ። የመሥሪያ ቤት ዜና ሁለት አንባቢ አለው። አንዱ ሕዝቡ ነው። ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ በላይ ያለው አካልና አለቃው ራሱ ነው። ለዚያኛው አንባቢ «ማን ከፈተው» የሚለውም ዜና ነው። ይህን ላትወዱት ትችላላችሁ፤ እኔም አልወደውም። ግን ካልገባችሁ በየቀኑ ትጣላላችሁ። ከገባችሁ ደግሞ መላ አለው። ርዕሱንና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለቆጣሪው ስጡ። በዚያው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ «ሲሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ ገለጹ» በሉ፤ በእርግጥ እሳቸው ከተናገሩት። ካልተናገሩት ስብሰባው ሲያልቅ ቀረብ ብላችሁ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ቆጣሪው አንድ ነገር ይበሉን» ብላችሁ ጠይቁ። ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። አሁን የሕዝቡም የአለቃውም ዜና አንድ ሆነ።

የራሳችሁን ረቂቅ፣ የታረመውንና የተለጠፈውን ሦስቱንም አስቀምጡ። ማታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። የትኛው ቃል ወጣ? የትኛው ስም ገባ? ማን አስገባው? አንድ ዜና በዚህ መንገድ ያየ ተማሪ፣ ሁለት ወር ካሜራ ተሸክሞ ከዞረው የበለጠ ሥራው ገብቶታል።

ረቂቁን ከመስጠታችሁ በፊት የምታጣሯቸው ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ። ሰውን ከሥራ የሚያጣሉት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ስም። አማርኛ ሁለት ሰ፣ ሁለት ጸ፣ ሦስት ሀ አለው። «ፀሐይ» ብላ የምትጽፍ ሴት «ጸሃይ» ተብላ ስትለጠፍ ትቆጣለች፤ እውነትም አላት። ስለዚህ ሰውየው ስሙን በራሱ እጅ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ይጻፍላችሁ። ማዕረጉንም ጠይቁት። ዶክተሩን «አቶ» ማለት ያስቀይማል። «አቶ» የሆነውን «ዶክተር» ማለት ግን ከማስቀየምም ያልፋል፤ ውሸት ነው። የእንግዶች ስም ቅደም ተከተልም እንደመጣላችሁ አይደረደርም፤ ፕሮቶኮሉን የሚያውቅ ሰው በየቢሮው አለ፣ እሱን ጠይቁ።

ቀጥሎ ሰዓትና ቀን። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ዝግጅት ጥሪ አዘጋጅ ተባልኩ። ለአገር ውስጥ ተቋማት በአማርኛ፣ ለአንድ የውጭ ድርጅት በእንግሊዝኛ። አማርኛው ላይ «3:00 ሰዓት» ይላል። እንግሊዝኛው ላይ ቃላቱን ሁሉ ተረጎምኩ፣ ሰዓቱን ግን እንዳለ ተውኩት። ፕሮግራሙ ጠዋት በ3 ሰዓት ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። እንግዳዋ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ንግግራቸውን ይዘው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከተፍ አሉ። አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ሮል አፕ ባነሩና ባዶ ሃይላንዶች ነበርን። ሴትየዋ ጨዋ ስለነበሩ ሳቁ። አለቃዬ አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በውጭ ቋንቋ የሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ ላይ ስድስት ሰዓት እጨምራለሁ ወይም እቀንሳለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ጥር ላይ የሚወጣ መግለጫ ውስጥ 7 የሚደምር ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ይህ ጉዳይ የጥሪ ወረቀት ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። አየር መንገዱ በዚያው ዕለት ቁጥር 1 ብሎ መግለጫ አወጣ። አውሮፕላኑ የተነሳበትና ግንኙነቱ የተቋረጠበት ሰዓት በፈረንጆቹ የሰዓት አቆጣጠር 8:38 እና 8:44 ተብሎ ተጻፈ፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:38 እና 2:44 መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ቀን በሁለት ሰዓት አቆጣጠር መሀል የሚፈጠር ስህተት ቤተሰብ ያሳብዳል።

ያንን መግለጫ አሁንም እንደ ትምህርት እመለከተዋለሁ። የሚታወቀውን በረራ፣ መስመርና ሰዓት ይናገራል። ፍለጋው እንደቀጠለና በሕይወት ስለተረፈም ሆነ ስለሞተ ሰው የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለ ደግሞ በግልጽ ይናገራል። «ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው» አላለም። ተከታዮቹም በተራ ቁጥር ወጡ። ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ወሬ በሚበዛበት ሰዓት የትኛው መግለጫ የመጨረሻው እንደሆነ ሰው በቀላሉ እንዲለይ ነው። በእናንተ የልምምድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን አይምጣ። ከመጣ ግን የእናንተ ሥራ ስልክ መመዝገብ ነው፦ ማን ደወለ፣ ከየት ሚዲያ፣ ምን ጠየቀ፣ በስንት ሰዓት። መልስ አትስጡ። «መዝግቤያለሁ፣ የሚመለከተው ሰው ይደውልልዎታል» በሉ፣ መደወሉንም አረጋግጡ።

የሚዲያ ክትትል የሚባለው ሥራ ለተማሪ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሌላው ይሰለቸዋል። ጋዜጦቹን ማየት፣ ሬዲዮ መስማት፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ የተባለውን በአንድ ገጽ ጽፎ ጠዋት ማቅረብ ነው። አትናቁት። በተለይ የፔጁን ኮሜንት አንብቡት። ስድቡን እለፉት። ሁለት መቶ ኮሜንት ብታነቡ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ሦስት አራት ጥያቄ ታገኛላችሁ። «ስልኩ አይነሳም»፣ «ቅርንጫፉ የት ነው የተዛወረው?»፣ «ክፍያው ለምን ጨመረ?»። እነዚህን ከስንት ሰው እንደመጡ ቆጥራችሁ በግማሽ ገጽ ጻፉና ለቡድን መሪው ስጡ። ያ የምሁራኑ አራተኛው ሞዴል ትዝ ይላችኋል አይደል? ቢሮ ውስጥ የሚጀምረው በዚህች ግማሽ ገጽ ነው። ስልኩን የሚያነሳ ሰው በማግስቱ ተመድቦ አይቻለሁ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሲቀርም አይቻለሁ።

ፎቶ ላይ አጭር ነገር። አንድን ሰው ለይቶ የሚያሳይ ፎቶ የግል መረጃው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «ለመሥሪያ ቤት ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያዋጣም። በተለይ ታካሚን፣ ሕፃንንና እርዳታ ተቀባይን ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የሕፃኑን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ማለቴ ነው። እርዳታ ሲቀበል የተነሳ ሰው ፎቶው በሰፈሩ ሰው ስልክ ላይ ሲዞር ምን እንደሚሰማው አስቡት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መንግሥት ቢሮ ነው፣ ብዙ ተማሪ የሚሄደው እዚያ ስለሆነ። ባንክ ከሆነ ሥራው ወደ ማስታወቂያና ወደ ደንበኛ ያደላል፣ አለባበስም ይጠብቃሉ። ኤንጂኦ ከገባችሁ እንግሊዝኛ ሪፖርትና የተጠቃሚዎች ታሪክ ትጽፋላችሁ፣ ለጋሹም የራሱ የፎቶና የሎጎ ሕግ አለው። የግል የሕዝብ ግንኙነትና የኤቨንት ድርጅት ፈጣን ነው። ለሦስት ደንበኛ በአንድ ቀን ትሠራላችሁ፣ ማታም ትቆያላችሁ፣ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል የለም። ምርጫ ካላችሁ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ክፍል እመርጣለሁ። ሦስት ሰው ባለበት ክፍል አራተኛው ሰው ሥራ ያገኛል።

ስለ ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ አትፈሩ። በአብዛኛው ክፍያ የለም፤ አንዳንዱ ትራንስፖርት ይሰጣል። ለመስክ ጉዞ የሠራተኛ አበል ሲያዝ ተማሪ ብዙ ጊዜ በጀት ውስጥ የለም፣ ስለዚህ «መስክ ትሄዳለህ» ስትባሉ ማደሪያና ምግብ በማን እንደሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት እወቁ። ሌላ ገንዘብም ታያላችሁ፤ ለዝግጅት ለመጣ ጋዜጠኛ «ለትራንስፖርት» ተብሎ በፖስታ የሚሰጠውን። ፖስታውን እናንተ እንድታድሉ ወይም እንድታስፈርሙ ከተጠየቃችሁ «እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሠራተኛ ይፈርም» በሉ። ማንም አይቀየማችሁም። በሐሰተኛ አካውንት ገብታችሁ ለመሥሪያ ቤቱ አድናቆት እንድትጽፉ ብትጠየቁም መልሱ ያው ነው፤ እንደውም ይህንን ለአድቫይዘራችሁ ንገሩ።

መጨረሻ ላይ የምዘና ፎርሙ አለ። የቢሮው ሱፐርቫይዘር ሞልቶ፣ ማህተም አስደርጎ በታሸገ ፖስታ ይሰጣችኋል። በመጨረሻው ቀን አትጠይቁት። በዚያ ቀን እሱ ስብሰባ ላይ ነው፣ ማህተም ያዡም ወጥቷል። አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ስጡት፣ ከፎርሙ ጋር የሠራችኋቸውን ሥራዎች የዘረዘረ አንድ ገጽ አያይዙለት። ሰውዬው ሁለት ወር ምን እንደሠራችሁ አያስታውስም፤ ገጹ ያስታውሰዋል።

የጻፋችሁት ነገር ከተለጠፈ ደግሞ ሊንኩን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የመሥሪያ ቤት ፔጅ ስሙ ይቀየራል፣ ይጠለፋል፣ ኃላፊ ሲለወጥም የቀድሞው ፖስት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሱ፣ ከሦስቱ ረቂቆች ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፣ ኮፒውን ኢሜላችሁ ላይ ላኩ። ሥራ ስትፈልጉ «ምን ጽፈህ ታውቃለህ?» ሲሏችሁ የምታሳዩት ያንን ነው፤ ረቂቆቹንም ጭምር።